ድረሱልኝ፦ መኪናዬ «የፊት ራዳር ተሸፍኗል» ብሎ ክሩዙን ዘጋብኝ

የሴንት ፖሉ፦
ወገኖች፣ ጋዝ ስቴሽን ቆሜ ነው የምጽፈው። ማዮ ክሊኒክ ቀጠሮ ያላቸው ባልና ሚስት አሉ፤ ሌሊት 10 ሰዓት ላይ አንስቼ በሀይዌይ 52 ሮችስተር ላደርሳቸው ነው። አሁን ስክሪኑ ላይ «የፊት ራዳር ተሸፍኗል» የሚል መጣና ክሩዙ፣ ፍጥነቱን ራሱ የሚይዘው ማለቴ ነው፣ አልሠራ አለ። ትንሽ ቆይቶ ሌን የሚጠብቀውም ጠፋ። ትናንት ሰላም ነበር። አጥፍቼ አስነሳሁት፣ ያው ነው። ዲለሩ ደግሞ ዝግ ነው። ቶሎ በሉኝ።

የጋራዡ ልጅ፦
የመኪናው ዓይነትና ዓመቱስ? ለማንኛውም ብዙ መኪና ላይ ራዳሩ ከፊት አርማው ጀርባ ወይም ፓራውልቱ መሀል ነው። ውረድና በለስላሳ ጨርቅ ጥረገው። የበረዶ መፋቂያ እንዳታስጠጋበት፣ የፈላ ውሃም እንዳትደፋ።

ዳላስ ሞቃቱ፦
መፍትሔው አንድ ነው፤ ቴክሳስ ግባ 😂

ማሚ ቃል፦
አርማውን ጥረገው ወንድሜ። የኔም እንደዚሁ ብሎኝ ስጠርገው ለቀቀ።

ጋሽ ዴንቨር፦
እኔ ጥያቄው ራሱ አልገባኝም። በዚህ በረዶ ክሩዝ ምን ያደርግልሃል? የፈለግከውን ማንዋል ክፈት፣ በሚያንሸራትት መንገድ ላይ ክሩዝ አትጠቀሙ ይላል። ጎማው አይስ ላይ ሲዞርብህ ቀድሞ ማወቅ ያለበት የራስህ እግር ነው። መኪናው «አልችልም» ማለቱ ብልሽት አይደለም፣ ጨዋነት ነው። ሰው ሆኖ አልችልም የማይል ስንት አለ።

የሴንት ፖሉ፦
ጋሼ፣ ክሩዝ የግድ አልሞትለትም። የ80 ማይል መንገድ ነው፤ መሀል ላይ ሌላ ነገር ቢያጠፋብኝስ ብዬ ነው። አርማውን ጠርጌዋለሁ እኮ፣ ማሚ ቃል።

ኢንጂነሩ፦
እስቲ ከመሠረቱ እንነሳ። መኪናህ ራሱን አይነዳም። መኪና ምን ያህል ራሱን እንደሚነዳ በሚለካው ከ0 እስከ 5 ባለው ደረጃ ያንተ 2 ላይ ነው፤ መሪውንም ፍጥነቱንም ያግዝሃል፣ ተጠያቂው ግን አንተ ነህ። አሁን ሁለት የተለያየ ችግር ነው ያለህ። ሌን የሚጠብቀው ከመስታወቱ ጀርባ ባለው ካሜራ ነው የሚሠራው፤ ካሜራው የመንገዱን ቀለም ይፈልጋል፣ ቀለሙ በረዶ ሥር ከሆነ የሚይዘው ነገር የለውም። ራዳር በ77 ጊጋኸርዝ አካባቢ ይሠራል፤ ጨለማና ጭጋግ ብዙም አይጨንቀውም፣ በአየር ላይ የሚወርደውንም በረዶ ከካሜራ ይሻለዋል። ፊቱ ላይ የተለጠፈ እርጥብ በረዶ ግን ሞገዱን ይውጥበታል። ላይዳር ያላቸው ደግሞ ጨረር ልከው የሚመለሰውን ይለካሉ፤ ብናኙ በረዶ ጨረሩን ሲመልሰው የሌለ ነገር ያለ ይመስላቸዋል።
ፎርድ በ2016 አን አርበር፣ ሚሺጋን ውስጥ በረዶ ላይ ሲሞክር መስመሩን መፈለጉን ትቶ ነበር። መንገዱ ንጹሕ ሳለ የተሠራ ካርታ ይዞ፣ ከበረዶው በላይ ብቅ ያሉትን ምልክቶችና ሕንጻዎች እያየ ነው ያለበትን ቦታ የሚያውቀው። የኤም አይ ቲ ዩኒቨርሲቲው ሊንከን ላቦራቶሪ ደግሞ ከመኪናው ሥር ወደ መሬት የሚያይ ራዳር ሠርቷል፤ ከአስፋልቱ በታች ያለውን አፈርና ድንጋይ እንደ ካርታ ይጠቀምበታል። በነገራችን ላይ...

ዳላስ ሞቃቱ፦
ኢንጂነር፣ ሰውየው ሮችስተር ሊሄድ ነው፣ ዲግሪ ሊይዝ አይደለም።

ጋሽ ዴንቨር፦
ካርታውስ ቢኖር? በረዶ ጠራጊው መኪና ሲያልፍ በረዶውን ዳር ይከምረዋል፣ ሦስት የነበረው ሌን ሁለት ይሆናል። ያኔ ሁላችንም ፊታችን ያለውን የጎማ ዱካ ነው የምንከተለው፣ ቀለሙን ማን ያየዋል። ካርታ ላይ ያለውን ሌን ልጠብቅ የሚል መኪና ክምሩ ውስጥ ይገባል።

የጋራዡ ልጅ፦
የሴንት ፖሉ፣ አንድ ጥያቄ። ግሪሉ ላይ፣ የፊት አየር ማስገቢያው ወንፊት ላይ፣ ለብርድ ብለህ ያሰርከው ነገር አለ?

የሴንት ፖሉ፦
አዎ፣ ሂተሩ ቶሎ እንዲሞቅልኝ ዛሬ ከሰዓት ያቺን ብርማ ሙቀት መከላከያ ቆርጬ አስገብቻለሁ። ሚኒሶታ ሁሉም ያደርገዋል። እሱ ምን አገናኘው? ከኋላ በኩል ነው፣ አርማውን አልሸፈነም።

የጋራዡ ልጅ፦
አገናኘው እንጂ! ብርማው አሉሚኒየም ነው። ራዳሩ ከአርማው ጀርባ ከሆነ ከፊቱ ብረት ጋርደህበታል ማለት ነው። አርማውን እስከ ነገ ብትጠርገው ዋጋ የለውም። አውጣው፣ ትንሽ ንዳና እይ።

የሴንት ፖሉ፦
በረዶው ነው እንጂ እሱ አይመስለኝም። ለማንኛውም ልያት።

ሐና ኮለምበስ፦
ማንም ያላነሳው ነገር፦ ራዳሩ ሲዘጋ ብዙ መኪና ላይ ድንገተኛ ፍሬኑም አብሮ ይጠፋል ወይም ይዳከማል። ስለዚህ ርቀትህን ጠብቅ፣ መኪናው ይይዝልኛል ብለህ አትተማመን። የካሜራውን መስታወት ከውስጥም እየው፣ ጉም ከያዘው ዲፍሮስቱን ወደ ላይ ልቀቀው። ርካሹ የበጋ መስታወት ማጠቢያ እዚያ ብርድ ላይ መስታወቱ ላይ ይረጋል፤ ከዜሮ በታች 20 ፋራናይት የሚችለውን ግዛ፣ ጋዝ ስቴሽኑ ውስጥ አይጠፋም።

ማሚ ቃል፦
አርማውን ብቻ ጥረገው እኮ።

ታክሲ ነበርኩ፦
ወገን፣ ስኖውን አትሳደቡ፣ የሹፌር ማኅበራችን እሱ ነው። የሹፌር አልባ ታክሲ ኩባንያው ዋይሞ ያለ ሹፌር ለሕዝብ የከፈተው በ2020 ፊኒክስ በረሃ ላይ ነው፤ ሚሺጋን በረዶ ላይ ግን ከ2017 ጀምሮ ሲሞክር ነው የኖረው። በ2025 ዴንቨርም ሚኒያፖሊስም እንመጣለን አለ። ጥር ላይ እንገናኝ።

ጋሽ ዴንቨር፦
ዴንቨር ሲሞክሩ አይቻለሁ፣ የሹፌሩ ወንበር ላይ ሰው ነበር። ግን አትናቁት። የሚሞቅና ራሱን የሚጠርግ ሴንሰር እየገጠሙ ነው። የሚቀረው ጎማው ነው፤ ጥቁር አይስን፣ ያንን አስፋልት የሚመስል ስስ በረዶ፣ አይቶ የሚያውቅ ሰውም የለ።

ኢንጂነሩ፦
ጥቁር አይስ ላይ እንኳ የጎማው መዞር ሲለይ መኪናው ከሰው ቀድሞ...

ታክሲ ነበርኩ፦
መጣ ደግሞ 😂

ሐና ኮለምበስ፦
የሴንት ፖሉ፣ ብርማውን አወጣኸው? ለቀቀ?

ሩት ሚልዋኪ፦
ሰላም፣ እኔም ተመሳሳይ ነው፤ ግን የኔ የኋላ ፓርኪንግ ሴንሰር ነው፣ ምንም ሳይኖር ይጮኻል። አርማውን ልጥረግ?

የጋራዡ ልጅ፦
አይ እህቴ፣ ያንቺ የኋላ ፓራውልቱ ላይ ያሉት ክብ ክቦቹ ናቸው፤ አይስና ጨው ይዟቸው ነው፣ በጨርቅ አንሺላቸው። ካልሆነ ጥያቄሽን በአዲስ ርዕስ ለብቻው ክፈቺው፤ እዚህ ሥር ማንም አያየውም።