ቢጫ ካርዴ ከጂንስ ጋር ታጠበ! በረራዬ ቅዳሜ ጠዋት ነው

ሄለን ከኮዬ፦
ወገን ድረሱልኝ። ኮዬ ፈጬ ውሃ ስትመጣ እንዴት እንደሆነ ታውቃላችሁ፤ ቤት ያለ ጨርቅ ሁሉ ይነከራል። ቢጫ ካርዴ፣ የቢጫ ወባ ክትባት ማስረጃዬ ማለት ነው፣ ጂንሱ ኪስ ውስጥ ነበር። ማህተሙ ፈሷል፣ የባለሙያው ፊርማ የለም። ስሜና የተከተብኩበት ቀን በመከራ ይነበባል። አሁን ሐሙስ ማታ ነው። በረራዬ ቅዳሜ ጠዋት። ምን ይሻለኛል? በአስቸኳይ እባካችሁ።

አቤል ሰሚት፦
ቢጫ ከሆነ ጨዋታው ይቀጥላል። ቀይ ሲሰጡሽ ነው የምትወጪው።

ሙሉ ለገጣፎ፦
አቤል፣ ሰው ተጨንቆ ትቀልዳለህ? ሄሉ፣ ወዴት ነው የምትሄጂው?

ሄለን ከኮዬ፦
ደሴት። ለብቻዬ፣ ለእረፍት። ሌላው ሁሉ አልቋል፤ ካርዱ ብቻ ነው የቀረው።

ሙሉ ለገጣፎ፦
ደሴት አገር አይደለም እኮ።

ዳዊት ተጓዡ፦
ደሴት ብቻ ካለች ዛንዚባር ናት። ስለዚህ ካርዱን ለጊዜው ተዪውና ዋስትናውን ገዝተሻል ወይ? ከፈረንጆቹ ጥቅምት 2024 ጀምሮ ወደ ዛንዚባር የሚገባ የውጭ አገር እንግዳ የዛንዚባርን የራሷን የጉዞ ኢንሹራንስ መግዛት አለበት። 44 ዶላር ነው። ሌላ ኢንሹራንስ አለኝ ብትዪ ከዚህ አያድንሽም። ሁለተኛ፣ ታክሲ እንዳትይዢ። ዳላዳላ የሚሉት አለ፤ እንደኛ ሚኒባስ ነው፣ በርካሽ ያደርሳል። ሦስተኛ፣ ማረፊያ ስትመርጪ አስቢበት። ምሥራቁ ዳርቻ ላይ፣ ፓጄን በመሰለው ቦታ፣ ባሕሩ በቀን ሁለት ጊዜ ርቆ ይሸሻል። ያኔ ለእግር ጉዞ እንጂ ለዋና አይሆንም። ሰሜን ጫፍ ኑንግዊ ላይ ግን ያን ያህል አይሸሽም። ብቻውን የሚጓዝ ሰው ይህን ሁሉ ቀድሞ ማጥናት አለበት። የእኛ ሰው ትኬት ከቆረጠ በኋላ ነው መጠየቅ የሚጀምረው።

ሄለን ከኮዬ፦
ዛንዚባር አይደለም የምሄደው።

ዳዊት ተጓዡ፦
ለሌላ ሰው ይጠቅማል።

ጽጌ ከሰበታ፦
እንደገና ተከተቢ። አዲስ ካርድ ይሰጡሻል፣ አለቀ።

ቢኒ አያት፦
ምን ያስጨንቃል? የደበዘዘውን በእስክሪብቶ አድምቂው። ፊርማ እንደሆነ ማንም ይፈርማል። ማን ያየዋል?

ጋሽ ተሾመ ዱከም፦
ልጄ ሄለን፣ አንድ ነገር ልጠይቅሽ። ሴት ልጅ ብቻዋን ባሕር ተሻግራ ደሴት ምን ትሠራለች? ደሴት ካማረሽ እዚሁ አለልሽ። ባቱ፣ ዝዋይ ማለቴ ነው፣ ከዱከም ጠዋት ወጥተሽ ለምሳ ትደርሺያለሽ። ጀልባ ተሳፍረሽ ቱሉ ጉዶ ግቢ። ማርያም ጽዮንን ተሳልመሽ፣ የዛይ ሰዎች ያጠመዱትን ዓሣ በልተሽ ትመለሻለሽ። ካርድ የለ፣ ፓስፖርት የለ፣ ዶላር የለ። እኔ በወጣትነቴ ስንት ጊዜ ሄጃለሁ።

አቤል ሰሚት፦
ጋሼ፣ ጉማሬውስ? እሱም ካርድ አይጠይቅም?

ሙሉ ለገጣፎ፦
ጋሽ ተሾመ፣ ቱሉ ጉዶ በጣም ያምራል፤ እኔም ሄጃለሁ። ግን ዝዋይ ቢልሃርዚያ አለበት፣ ዋና የሚባል ነገር የለም። መዋኘት ከሆነ ላንጋኖ ይሻላል። ልጅቷ ደግሞ ትኬት ቆርጣለች እኮ።

ጽጌ ከሰበታ፦
እንዳልኩት ነው፤ ነገ በጠዋት ሄዳ ብትከተብ ያልቃል። ለምን ታወሳስቡታላችሁ?

ሲስተር ብርቱካን፦
አያልቅም ጽጌ። አዲስ ክትባት የሚጸናው ከተወሰደ ከ10 ቀን በኋላ ነው። ሰውነት መከላከያውን እስኪሠራ ጊዜ ይፈልጋል። ነገ ተከትባ ቅዳሜ ብትበር ካርዱ ለዚህ ጉዞ ዋጋ የለውም።
የቢኒን ምክር ደግሞ በምንም ዓይነት እንዳትሰሚ። ስርዝ ድልዝ ወይም ጭማሪ ካለበት ካርዱ ዋጋ ሊያጣ እንደሚችል እዚያው ካርዱ ላይ ታትሟል፤ ማንም አያነበውም እንጂ። የታጠበ ካርድ አሳዛኝ ነው። የተነካካ ካርድ ግን ሐሰተኛ ይባላል።
ሄለን፣ ሁለት ነገር ንገሪኝ። ክትባቱን የት ወሰድሽ? መቼ?

ሄለን ከኮዬ፦
ሲስተር ተባረኪ። 2004 ላይ ለሥልጠና ኪጋሊ ስሄድ ነው፣ መሃል ከተማ አንድ ጤና ተቋም። ኧረ ሌላም አለ። ካርዱ ላይ የሚያገለግለው እስከ 2014 ድረስ ይላል። አሁን ነው ያየሁት።

አቤል ሰሚት፦
ጊዜው ላለፈበት ካርድ ነው እስካሁን የምናለቅሰው?

ዳዊት ተጓዡ፦
በቃ አለቀ። 10 ዓመት ነው የሚያገለግለው። ይህንን ሁሉም ሰው ያውቃል።

ሲስተር ብርቱካን፦
ሁሉም ሰው የሚያውቀው የድሮውን ነው ዳዊት። የዓለም ጤና ድርጅት ደንብ ተቀይሯል። በፈረንጆች ሐምሌ 11 ቀን 2016፣ በእኛ ሐምሌ 4 ቀን 2008 ማለት ነው፣ የቢጫ ወባ ካርድ ለዕድሜ ልክ ሆኗል። ከዚያ በፊት የተሰጡትንም ይጨምራል። አሥር ዓመት አልፎታል ብሎ ካርዱን አልቀበልም ማለት ለየትኛውም አገር አይፈቀድም። ስለዚህ 2014 የሚለው አያሳስብሽ። ያንቺ ችግር ማህተሙና ፊርማው ነው።

ቢኒ አያት፦
2016 ከሆነማ ገና ትናንት ነው። የሄለን የ2004 ነው፣ አይጨምራትም።

ሲስተር ብርቱካን፦
ቢኒ፣ የፈረንጅ 2016 አልኩ እኮ! የእኛ 2008።
ሄለን፣ ነገ የምታደርጊው ይህንን ነው። የተከተብሽበት ቦታ ሂጂ። መዝገብ አላቸው፤ ቀኑንና የክትባቱን ባች ቁጥር ከዚያ አይተው ምትክ ካርድ መጻፍ ይችላሉ። መከተብ አያስፈልግሽም፤ ቀኑም የድሮው ቀን ነው የሚሆነው፤ የዛሬን እንዳይጽፉብሽ እይ። የታጠበውን ካርድ እንዳትጥዪ፤ መዝገቡን የሚያገኙት በእሱ ነው። ፓስፖርት ከቀየርሽ አሮጌውንም ያዢ። ስምሽ ፓስፖርቱ ላይ እንዳለ ፊደል በፊደል ይጻፍ። ከመውጣትሽ በፊት ማህተሙን፣ የባለሙያውን ፊርማ፣ ባች ቁጥሩን አይተሽ አንቺም ፈርሚበት። የራስን ፊርማ ብዙ ሰው ይረሳዋል።
አርብ መሆኑን አትርሺ። ከ5፡30 እስከ 7፡30 ምሳ ነው። ከኮዬ ስትነሺ ጨለማ ይሁን።

ጽጌ ከሰበታ፦
መዝገቡ ባይገኝስ? ለዚያ ነው ተከተቢ ያልኩት።

ሲስተር ብርቱካን፦
ባይገኝ በረራውን ማስተላለፍና መከተብ ነው። ሌላ መንገድ የለም። ቦሌ አካባቢ ካርድ የሚሸጥ ሰው አለ የሚላችሁ ካለ እንዳትሰሙ።

ሙሉ ለገጣፎ፦
ሄሉ፣ አሁንም አገሩን አልነገርሽንም። ምናልባት ካርዱን የማይጠይቅ ከሆነ በከንቱ እየተጨነቅን ነው።

ሄለን ከኮዬ፦
ሲሸልስ። ቪዛ አይጠይቅም ስለተባለ ነው የመረጥኩት።

ሲስተር ብርቱካን፦
ከእኛ አገር ለሚመጣ ይጠይቃል። ዛንዚባርም፣ ማልዲቭስም ቢሆን እንደዚያው ነበር። ኢትዮጵያ ቢጫ ወባ ካለባቸው አገሮች ዝርዝር ውስጥ ናት፤ በፈረንጆች 2020 እንኳ ጉራጌ ዞን ወረርሽኝ ነበር። እነዚያ ደሴቶች ላይ አስተላላፊዋ ትንኝ አለች፣ ቫይረሱ ግን የለም። እንዳይገባባቸው ነው ጥንቃቄው።

ራሔል ገላን፦
ሲሸልስ! እኔ ብቻዬን ሄጃለሁ። ካርዱን ሲስተር ጨርሳዋለች፣ እኔ ሌላውን ልንገርሽ።
ቪዛ የለም ማለት ዝም ብለሽ ትገቢያለሽ ማለት አይደለም። ከመነሳትሽ በፊት ኦንላይን የጉዞ ፈቃድ ይሞላል። መመለሻ ትኬትና ማረፊያ የያዝሽበትን ይጠይቃል። ያን ካልሞላሽ ቦሌ ላይ ነው የምትቀሪው። ሞልተሻል? ማረፊያው ፈቃድ ያለው መሆን አለበት፤ ዘመድ የሚመስል ሰው ቤት አርፋለሁ አይሠራም። ድንኳን መትከልም ክልክል ነው፣ ለርካሽ ብለሽ እንዳታስቢው።
ውድ አገር ነው ሲሉሽ እውነት ነው፣ ግን ውድ የሚሆነው ለሆቴል ሰው ነው። እኔ ላ ዲግ ደሴት ኩሽና ያለው የእንግዳ ማረፊያ ነው የያዝኩት። ጠዋት ራሴ አበስላለሁ፣ ምሳ ከመንገድ ዳር በጥቅል የሚሸጥ ሩዝና ዓሣ። አንዱን ገዝተሽ ምሳና እራት ታደርጊዋለሽ። ላ ዲግ መኪና ብዙ የለም፣ ሰው ሁሉ ብስክሌት ነው። ብስክሌት ተከራይ።
ዋናው ደሴት ማሄ ስትደርሺ ከአየር ማረፊያው ፊት ለፊት መንገዱን ተሻገሪ፣ ወደ ዋና ከተማው ቪክቶሪያ የሚሄድ አውቶቡስ አለ። ትልቅ ሻንጣ ግን አያስገቡልሽም፤ ስለዚህ የጀርባ ቦርሳ ብቻ። ኪስ የሚጎዳው መርከቡ ነው። ከማሄ ፕራስሊን ደሴት አንድ ሰዓት ገደማ፣ ከፕራስሊን ላ ዲግ ሩብ ሰዓት። ገንዘብሽን ለሱ አስቀምጪ። ደሴት ከመቀያየር አንዱ ላይ ተቀመጪ፤ እረፍት ነው ያልሽው።
የባሕር ዳርቻ ሁሉ የሕዝብ ነው፣ ሆቴሉ ፊት ያለውም ቢሆን። ላ ዲግ ላይ አንስ ሱርስ ዳርዣን ብቻ በግል ይዞታ ውስጥ ስለሚታለፍ መግቢያ ይከፈላል። እሱን ክፈይ፣ አትቆጪም። ውሃው ጥልቅ አይደለም፤ እንደኔ ዋና የማትችይ ከሆነ እዚያ ነው ቦታሽ። ግራንድ አንስ የሚባለውን ዳርቻ ግን ከአሸዋው ሆነሽ እይው። ማዕበሉ ወደ ውስጥ ይስባል፣ በተለይ ከግንቦት እስከ መስከረም ንፋሱ ሲበረታ። ብቻሽን ነሽ፣ የሚያወጣሽ የለም።
እና ቋንጣ እንዳትይዢ! ሥጋና ፍራፍሬ ያለ ፈቃድ አያስገቡም።

አቤል ሰሚት፦
ቋንጣ የሌለበት አገር ምን እረፍት አለው?

ሄለን ከኮዬ፦
ራሔልዬ አመሰግናለሁ። ፈቃዱን ሞልቻለሁ፣ መጥቷል። ዋና አልችልም፣ ግራንድ አንስ ቀረ።

ጋሽ ተሾመ ዱከም፦
ዋና ሳትችይ ነው ባሕር የምትሄጂው?

ራሔል ገላን፦
ጋሼ፣ ባሕር ዳር የሚቀመጥ ሁሉ ዋናተኛ አይደለም። እርስዎስ ቱሉ ጉዶ ዋኝተው ነው የገቡት?

ጋሽ ተሾመ ዱከም፦
በጀልባ ነው እንጂ። ይሁን፣ እግዚአብሔር ይከተላት። ግን ስትመለሺ ዝዋይን እይ፤ ጀልባ ያለው ሰው አውቃለሁ።

ዳዊት ተጓዡ፦
ሌላ ምክር። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የፈረንጅ ነው። 10 የሚል ካየሽ ጠዋት 4 ሰዓት ማለት ነው፤ ሦስት ሰዓት ቀድመሽ ቦሌ ተገኚ። ከኮዬ በሌሊት መኪና ስለማይገኝ ራይዱን ማታ ጥሪ።

ሙሉ ለገጣፎ፦
ራይድ ማታ ተጠርቶ እስከ ሌሊት ይጠብቃል እንዴ? ጎረቤት ሹፌር ማነጋገር ይሻላል።

ሄለን ከኮዬ፦
(አርብ፣ ሌሊት 11፡10) ታክሲ ተራ ላይ ነኝ። ሁለት ፓስፖርት፣ የታጠበው ካርድ፣ ሁሉም ፌስታል ውስጥ። መዝገቡ ይገኝ ዘንድ ጸልዩልኝ።

ሲስተር ብርቱካን፦
የተከተብሽበትን ወር ንገሪያቸው፣ ፍለጋው ይቀልላቸዋል። ስትጨርሺ ጻፊ።

ጽጌ ከሰበታ፦
(አርብ ማታ) ሄለን ምን አሉሽ?

ሙሉ ለገጣፎ፦
(እሁድ) ሄሉ? ወይ ሄደሻል ወይ ተኝተሻል።

ራሔል ገላን፦
ላ ዲግ ኔትወርክ አለ፣ ሰበብ የለም። ወይ የሮሚንግ ዋጋ አስደንግጧት ይሆናል።

ቢኒ አያት፦
እኔስ ልጠይቅ። እኔና ባለቤቴ ለማሰብ ያህል ነው፣ ሲሸልስ። ልጃችን 7 ወሩ ነው። እሱም ቢጫ ካርድ ይፈልጋል?

ሲስተር ብርቱካን፦
ሲሸልስ የምትጠይቀው 1 ዓመትና ከዚያ በላይ የሆነውን ነው። ክትባቱም በተለመደው ሁኔታ ከ9 ወር በታች አይሰጥም። እናንተ ሁለታችሁ ግን ትፈልጋላችሁ፤ ከበረራው ከ10 ቀን በላይ ቀድማችሁ ተከተቡ። ካርዱን ፎቶ አንሡት፣ ዋናውን ፓስፖርቱ ውስጥ አስቀምጡ። እስክሪብቶህንም ቤት ተወው ቢኒ።