ቦሞንት ቴክሳስ ያለው የነዳጅ ሙዚየም ለአባቴ ይሆናል? የሄዳችሁ ንገሩኝ

የጠባሴዋ
ሰላም የሰሜን ሸዋ ልጆች እንዴት ናችሁ። አባቴ በቅርቡ እህቴ ጋ ሂውስተን ሊሄድ ነው፣ ዕድሜውን ሙሉ እዚሁ ደብረ ብርሃን ብርድ ልብስ ፋብሪካ በመካኒክነት የሰራ ሰው ነው እና ከሞል ሞል ቢያዞሩት ወዲያው ሀገሬ መልሱኝ ነው የሚለው። እህቴ ቦሞንት የሚባል ከተማ ስለ ድሮ የነዳጅ ግርግር የሚያሳይ ሙዚየም አለ፣ ዕቃ በመስታወት የምታይበት ሳይሆን ቤቶቹ ውስጥ ገብተሽ የምትዞሪበት ነው አለችኝ። እንግሊዝኛ ለማይሰማ አዛውንት ይሆናል ወይ? ርቀቱስ? ጉልበቱን ትንሽ ያመዋል።

መንዜው
እህቴ ይሄ ለአባትሽ የተሰራ ቦታ ነው በይው። ከሂውስተን 140 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ያው ከአዲስ ደብረ ብርሃን ማለት ነው፣ መንገዱ ደግሞ ሜዳ ለሜዳ። ስሙ ስፒንድልቶፕ ግላዲስ ሲቲ ነው፣ ላማር ዩኒቨርሲቲ ስር። የዛን ጊዜውን ሰፈር በእንጨት መልሰው ሰርተውታል፣ ፖስታ ቤት፣ ፎቶ ቤት፣ ማተሚያ ቤት፣ አንጥረኛ ቤት፣ መሸታ ቤት፣ ሁሉም ከነዕቃው፣ ስለዚህ ቋንቋው ብዙም አያሳስብሽ ዕቃው ራሱ ይናገራል።

ግን እህትሽ የቁፋሮውን ነገር ቀድማ ታጫውተው። ነገሩ የሆነው ጥር 2 ቀን 1893 ነው፣ በፈረንጅ ጃንዋሪ 10፣ 1901፣ ከአድዋ ገና 5 ዓመት ሳይሞላ። ፓቲሎ ሂጊንስ የሚባል ሰው እዚህ ኮረብታ ስር ነዳጅ አለ እያለ ዓመታት ወተወተ የሚሰማው አጣ፣ በኋላ አንቶኒ ሉካስ የሚባል መሃንዲስ ገባበትና ሃሚል የሚባሉ ወንድማማቾች ቆፋሪ ሆኑ። አሸዋው እየተናደ ጉድጓዱን ይደፍንባቸዋል፣ ውሃ ቢለቁበትም አልያዘላቸውም፣ ከዛ ምን አደረጉ መሰለሽ፣ ከብት ኩሬ ውስጥ ነድተው ውሃውን አስረገጡትና ጭቃውን በቱቦ ወደ ታች ላኩት፣ ጭቃው የጉድጓዱን ግድግዳ እንደ ልስን ያዘው! ዛሬም ነዳጅ የሚቆፈረው በጭቃ ነው እኮ። አንድ ቀን ቱቦ እያወረዱ እያለ ጭቃው መንተክተክ ጀመረ፣ ቱቦው ሁሉ እየተስፈነጠረ ወጣ፣ ትንሽ ጋብ አለና ድፍድፉ 45 ሜትር ገደማ ሽቅብ ተተኮሰ። በቀን ወደ 100 ሺ በርሜል ነው የፈሰሰው፣ እስኪዘጉት 9 ቀን ፈጀ። መካኒክ ይሄን ሰምቶ አንጥረኛ ቤቱ ሲገባ ማንም ማስረዳት አያስፈልገውም።

የሮቢት ልጅ
መንዜው ጥሩ ብሏል። ግቢው ውስጥ ማማ ተክለው ፍንዳታውን በውሃ ያሳያሉ፣ ግን ሁሌ አይለቁትም፣ እህትሽ ቀድማ ደውላ ትጠይቅ፣ ያንን ሳያይ ከተመለሰ ዋናው ቀረበት። በእነሱ ሐምሌና ነሐሴ ደግሞ ፈጽሞ እንዳትወስደው፣ ወበቁ እኛን የሸዋ ሮቢቶቹንም ያስጨንቃል እንኳን የደብረ ብርሃንን ሰው።

እኔን ግን የነካኝ ከዛ በኋላ የሆነው ነው። ከተማዋ 10 ሺ ገደማ ሰው ነበራት ወደ 50 ሺ ደረሰች፣ ሁሉም በየፊናው ሲቆፍር ዘይቱ በዛና በርሜሉ 3 ሴንት ወረደ፣ የሚጠጣ ውሃ ከዘይት ተወደደ። በጥቂት ዓመት ውስጥ ምርቱ በቀን ወደ 10 ሺ በርሜል አሽቆለቆለ። የመጀመሪያው ጉድጓድ ጋ የቆመው የድንጋይ ሐውልት እንኳን መሬቱ ስለሰመጠ ተነስቶ ነው አሁን ሙዚየሙ ግቢ ያለው። ደብረ ብርሃን አሁን ፋብሪካ በፋብሪካ ሆናለች፣ ደስ ይላል፣ ግን ይሄን ታሪክ የሚያውቅ ሰው ከተማ ሲያድግ ስለ ውሃና ስለ ቤት ኪራይ ቀድሞ ይጠይቃል ብዬ አምናለሁ።

መምህር ዘአንኮበር
ልጆች ይሄን ሳነብ አሊዩ አምባ ነው የመጣብኝ። በንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘመን እኮ የእኛ ግርግር እዛ ነበር፣ ከአፋር አሞሌ ጨው በግመል ይመጣል፣ ከታጁራ ወደብ ነጋዴ ይወጣል፣ አርጎባው ይሸምናል ይነግዳል። አሞሌው ገንዘብም ነበር። ተማሪዎቼ ይሄን በቃል ሸምድደው ይፈተናሉ እንጂ አሞሌ በእጁ የያዘ የለም። ሚዛኑን፣ የግመል ጭነቱን፣ የሸማኔውን ዕቃ አንድ ቤት ሰብስበን ልጁ አንስቶ እንዲመዝን ብናደርግ ምን ይከለክለናል?

ጣርማበር
መምህር፣ አንኮበር ቤተ መንግሥቱ ቦታ ላይ ሎጅ ተሰርቶ የለ? ደግሞ በጀቱን ማን ይሰጣል?

መምህር ዘአንኮበር
አለ ወንድሜ ደግም ነው፣ ግን እሱ የነገሥታቱ ነው። እኔ የምለው የተሸካሚውን፣ የሸማኔውን፣ የቀጥቃጩን ነው። ለመጀመሪያው በጀት አያስፈልግም፣ የትምህርት ቤት አንድ ክፍልና ፈቃደኛ ሽማግሌዎች ይበቃሉ። ዕቃው ባለቤቱ ቤት ይቆይ፣ እኛ መዝግበን ፎቶ እናንሳ፣ ከማን እንደተገኘና ለምን ይጠቅም እንደነበር ሽማግሌው በሕይወት እያለ እንጻፍ።

የጠባሴዋ
ሁላችሁንም እግዜር ይስጥልኝ። ለእህቴ ሁሉንም ልኬላታለሁ፣ ትደውላለች፣ ጉዞውን ወደ ኅዳር እናደርገዋለን። መምህር፣ አባቴ ጓዳ የድሮ የማሽን መፍቻዎችና የሥራ ደብተሩ አሉት፣ ከመሄዱ በፊት ቁጭ ብዬ ስለ እያንዳንዱ ጠይቄ እጽፋለሁ። ክፍሉ ከተገኘ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ።