እድራችን ለመሬት መንቀጥቀጥ ምን ያዘጋጅ?

የእድር ጸሐፊ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጀሞ ኮንዶሚኒየም የአንድ እድር ጸሐፊ ነኝ። ከአባሎቻችን ግማሹ ባለ አራት ፎቅ ብሎክ ላይ፣ ግማሹ ከታች ወንዝ ዳር በጭቃ ቤት ይኖራል። የካቲት 7 ቀን 2017 ማታ ከአዋሽ ፈንታሌ በኩል የመጣው፣ በሬክተር ስኬል 6 የተለካው መንቀጥቀጥ ትዝ ይላችኋል? ሰው በቢጃማ፣ በባዶ እግሩ፣ ደረጃውን እየተጋፋ ወረደ። አንድ ጎረምሳ ወድቆ እጁ ተሰበረ፤ መንቀጥቀጡ ራሱ ግን ብርጭቆ እንኳ አልሰበረብንም። ጉልበታቸውን የሚያማቸው አንድ እናት አራተኛ ፎቅ ላይ ብቻቸውን መቅረታቸው ትዝ ያለን ግቢ ቆመን ወሬ ከጀመርን በኋላ ነው።

እድሩ ድንኳን፣ ወንበር፣ ጎላ፣ ባንክ ውስጥም ትንሽ ገንዘብ አለው። ስብሰባ ላይ ሳነሳው ሰብሳቢያችን «እድር ለቀብር ነው፤ አንቺ ልጅ ሟርት አታምጪብን» አሉኝ። ጥያቄዬ፦ ሲንቀጠቀጥ እንውረድ ወይስ ባለንበት እንቆይ? ትንሽ ገንዘብ ቢፈቀድልኝስ ምን ላይ ላውለው?

ብሎኬት፦
የምተዳደረው በግንባታ ነው። እህቴ፣ እየተንቀጠቀጠ ደረጃ ላይ መሮጥ ይቅር። የብሎኩን ጭነት የተሸከሙት ኮለኑና ቢሙ፣ ማለትም የኮንክሪት ቋሚውና አግዳሚው ናቸው። ግድግዳው በመሃል የተሞላ ብሎኬት ስለሆነ ቀድሞ የሚሰነጠቀውም የሚረግፈውም እሱ ነው። እስኪያቆም ጠንካራ ጠረጴዛ ስር ገብቶ ራስን መሸፈን፣ ከመስኮትና ከቁምሳጥን መራቅ። ሲያቆም ሲሊንደር ዘግቶ፣ ቆጣሪ አጥፍቶ ቀስ ብሎ መውረድ። የጭቃ ቤቶቹ ጉዳይ ይለያል፤ በሩ ቅርብ፣ ደጁም ሜዳ ከሆነ ቶሎ ይውጡ።

ገንዘቡን ጣሪያ ላይ ያለውን ሮቶ ማሳሰሪያ አድርጊው። ሁለት ሺህ ሊትር ውሃ ማለት እኮ ሁለት ቶን ነው! ምድር ላይ ሱቅ ልክፈት ብሎ ግድግዳ የሚያፈርስ፣ ኮለን የሚቦረቡር ካለም እድሩ ዝም አይበል። ሟርት ላሉት አባት ደግሞ በ1953 የካራቆሬው መንቀጥቀጥ የማጀቴን ከተማ እንዴት እንዳፈራረሳት አስታውሻቸው።

የመተሐራ ልጅ፦
ከመስከረም 2017 ጀምሮ ስንቱን ሌሊት ደጅ አደርን መሰላችሁ። ምግብ አልቸገረንም፣ ሰው ለሰው ተረዳድቷል። የቸገረን መብራትና ሽንት ቤት ነው፤ በተለይ ለሴቶች። የሚያናድደው ግን ይሄ ነው፦ የድንኳኑን መጋዘን ቁልፍ የያዘው ሰውዬ ናዝሬት ዘመድ ጥየቃ ሄዷል። ድንኳን እያለን ላስቲክ ተከናንበን አደርን! ቁልፉን ለሦስት ሰው ስጡ፣ አንዷ ቤት የምትውል ሴት ትሁን። ጫማና ባትሪ ከአልጋው አጠገብ ይደር። መታወቂያ፣ የቤት ካርታ፣ የልጆች የክትባት ካርድ በአንድ ፌስታል ተጠቅልሎ በር አካባቢ ይቀመጥ።

ሳውላ፦
ስለ ወንዝ ዳሮቹ አንድ ነገር ልበል። ሐምሌ 2016 ገዜ ጎፋ፣ ኬንቾ ሻቻ ጎዝዲ ቀበሌ ላይ ናዳ የተጫናቸውን ለማውጣት ሰዉ ተሰብስቦ ሲቆፍር ሌላ ናዳ መጣበት። ከ200 በላይ ሰው አጣን፤ ብዙዎቹ ለእርዳታ የሮጡ ናቸው። ጩኸት ሰምቶ የማይሮጥ የለምና «አትሂዱ» ብትዪ የሚሰማሽ አታገኚም። ቢያንስ ሁለት ሰው አካፋ ሳይነካ ከላይ በኩል ያለውን እያየ እንዲጮህ ከአሁኑ መድቡ። ክረምት ላይ ግንብ ወይም ገደል ከተናደ ደግሞ ሁሉም አንዴ ሥሩ አይግባ፤ አንዱ 939 ይደውል፣ ሌላው የተጎዳ ካለ 907 ቀይ መስቀልን ይጥራ።

የእድር ጸሐፊ፦
እግዜር ይስጥልኝ። ቁልፉ ሰብሳቢያችን ጋ ነው ያለው፤ የናዝሬቱን ሰውዬ ታሪክ ሳነብላቸው ሳቁና «በይ አስቀርጪ» አሉኝ። በየደረጃው አቅመ ደካሞችን የሚያይ አንድ አንድ ጎረቤት መርጠናል፤ የአራተኛ ፎቋን እናት ከፊት ለፊታቸው ያለው ተማሪ ወስዷቸዋል። መጥሪያው ላይ ግን አልተስማማንም። ጡሩምባ ይነፋ ያሉ አሉ፤ እኔ ግን ሌሊት ጡሩምባ የሰማ ሁሉ «ማን ሞተ?» እያለ ነጠላ ፍለጋ መግባቱ አይቀርም ባይ ነኝ። ፊሽካ ሞክራችሁ የምታውቁ አላችሁ? ጀሞ አካባቢ ሮቶ የሚያስር ጎበዝ የብየዳ ሠራተኛ የምታውቁም ስንት እንደሚያስከፍል ጻፉልኝ፤ ለቀጣዩ ስብሰባ ዋጋ ይዤ መቅረብ አለብኝ።