አስቸኳይ! የእናቴ አውሮፕላን ደብሊን ላይ ቆሟል፤ ስንት ሰዓት ነው የምትደርሰው?

ጠያቂ
ወገኖች፣ እባካችሁ ቶሎ መልሱልኝ። እናቴ ማታ 4:45 ተነሥታለች። እህቴ በስልክ «2:15 ትገባለች» አለችኝ። እዚህ ዲሲ እኩለ ሌሊት ሊሆን ነው። በስልኬ ስከታተል አውሮፕላኑ አየርላንድ አርፏል! በ2 ሰዓት ውቅያኖሱን እንዴት ይሻገራል? ተበላሽቶ ይሆን? እኔ ባለፈው አገር ቤት ስሄድ በቀጥታ 13 ሰዓት ነው የፈጀብኝ። እንግሊዝኛ አትችልም። መኪና ውስጥ ነኝ፣ ልሂድ?

የቦሌ ልጅ
አይዞህ ወንድሜ፣ ከአዲስ አበባ ከሆነ የነዳጅ ማረፊያ ነው። ቦሌ 2,300 ሜትር ከፍታ ላይ ነው። አየሩ ስስ ስለሆነ ሞተሩም ክንፉም ቆላ ላይ ያላቸውን ጉልበት አያገኙም። ሰውና ሻንጣ ሞልቶ የ11,500 ኪሎ ሜትር ነዳጅ ይዞ መነሣት ይከብዳል። ዳለስ፣ የዲሲው አውሮፕላን ማረፊያ፣ ግን 100 ሜትር እንኳ ከፍታ የለውም፤ ሞልቶ ይነሣል። ደግሞ አውሮፕላኑ በሚበርበት ከፍታ ላይ ንፋሱ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ ነው። አንተን ከኋላ ገፍቶሃል፣ እማማን ከፊት ይይዛቸዋል። ማረፊያው በየጊዜው ይቀያየራል፤ ሮምም ሎሜም ሆኖ ያውቃል። በደብሊን መዞሩ የሚጨምረው 300 ኪሎ ሜትር እንኳ አይሞላም።

ሳራ ከቨርጂንያ
የበረራ ቁጥሩን ጎግል ላይ ጻፈው። መድረሻ ሰዓቱን ይነግርሃል።

መንገደኛው
ኪሎ ሜትር ማስላቱን ተወው። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የየከተማው ሰዓት ነው። መነሻውን ከመድረሻው ብትቀንስ የበረራውን ርዝመት አታገኝም።

ጠያቂ
አዎ ከአዲስ አበባ! ትኬቱ እሷ ጋ ነው። ቁጥሩን እህቴ ናት የላከችልኝ። ታዲያ 2:15 አይደርስም?

የሰፈር እናት
ልጄ፣ እናትህ ቋንጣ ይዘው ከሆነ ጉምሩክ ላይ ይቀራል፤ እኔ የእኔን እያለቀስኩ ነው የሰጠሁት። በርበሬና ሽሮው ግድ የለም፣ ብቻ ይዣለሁ ይበሉ። እህትህ ደግሞ የነገረችህ በሀበሻ ሰዓት ነው። ጠዋት 2:15 ማለት እኮ እዚያ በናንተ 8:15 ነው!

መንገደኛው
እትዬ ልክ ናቸው። በአዲስ አበባ ማታ 4:45 (በፈረንጅ 10:45) ሲሆን ዲሲ በፈረንጅ ከሰዓት በኋላ 3:45 ነበር። ልዩነቱ አሁን 7 ሰዓት ነው፤ በኖቬምበር መጀመሪያ እዚህ ሰዓቱ በ1 ሰዓት ወደኋላ ሲመለስ 8 ይሆናል። ከ3:45 እስከ ጠዋት 8:15 ድረስ 16 ሰዓት ተኩል። ወደ 8 ሰዓት እስከ ደብሊን፣ 1 ሰዓት ነዳጅ፣ ቀሪው ውቅያኖሱ። ምንም አልዘገየም።

ሳራ ከቨርጂንያ
እኮ የበረራ ቁጥሩን ጎግል ላይ ጻፈው አልኩህ።

የቦሌ ልጅ
ደብሊን ላይ አያወርዷቸውም፣ ወንበራቸው ላይ ነው የሚቆዩት። አሁን ቤትህ ግባና ተኛ። አርፎም ፓስፖርትና ሻንጣ ከ1 ሰዓት በላይ ሊወስድ ይችላል፤ በዲሲ ሰዓት ጠዋት 9 ላይ መውጫው በር ጋ ብትቆም ይበቃል። ዊልቸር አስይዘሃል? ካስያዝክ የሚገፋቸው ሰው እስከ በሩ ያደርሳቸዋል፣ ቋንቋውም አያስጨንቃቸውም።

የሰፈር እናት
ምነው ዝም አልክ ልጄ፣ ተኛህ? ጠዋት ጃኬት ይዘህላቸው ሂድ። አውሮፕላን ውስጥ ይበርዳል።