ጆርጅ ዋሽንግተን የምር ክርስቲያን ነበር? ማስረጃ ያለው ይምጣ

ቤቲ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
ትናንት ያቺን ዋሽንግተን በረዶ ላይ ተንበርክኮ ፈረሱ አጠገቡ ቆሞ ሲጸልይ የምታሳየዋን ስዕል ላኩልኝ፣ ከስሯ "አሜሪካ በጸሎት የቆመች አገር ናት" ይላል። እኔ በበኩሌ አምናለሁ። በዛ የ1777 ክረምት ቫሊ ፎርጅ ላይ ጫማ የሌለው ሰራዊት ይዞ የከረመ ሰው ያለ ጸሎት አይዘልቅም። እዚህ ግን ዴኢስት ነው (ፈጣሪ ዓለምን ፈጥሮ ተዋት፣ ጣልቃ አይገባም ባይ) ፍሪሜሰን ነው (የምስጢር ማኅበር አባል) የምትሉ ስላላችሁ እስቲ አውጡት።

የፖቶማኩ፦
ቤቲዬ ስዕሏማ ታምራለች፣ ሲጸልይ የሚያሳይ ምስል በ1928 ቴምብር ላይ ሁሉ ወጥቷል፣ ግን ታሪኩን ያሰራጨው ያው የቼሪ ዛፉን ተረት ያመጣልን ሰባኪው ዊምስ ነው፣ እሱም ዋሽንግተን ከሞተ በኋላ። በአይናቸው ያዩት ሰዎች የሚሉት ሌላ ነው። ፕሬዚዳንት ሆኖ ፊላደልፊያ ሲያስቀድስ የነበሩት ጳጳስ ዊልያም ኋይት ተጠይቀው፣ ሲንበረከክ አይቼው አላውቅም ብለው ጽፈዋል። ቁርባኑም አለ። ቁርባን ባለበት እሁድ ከማይቆርበው ሕዝብ ጋር ብድግ ብሎ ይወጣል፣ ሚስቱ ማርታ ቀርታ ትቆርባለች። አበርክሮምቢ የሚባል ቄስ ታዲያ፣ ትልልቅ ሰዎች ቁርባን ጥለው ሲወጡ ለሕዝቡ መጥፎ ምሳሌ ነው ብሎ በስብከት ነካ አደረገው። ሰውየው ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? ቁርባን ባለበት እሁድ ጭራሽ መምጣት ተወ!

ታሪክ ወዳድ፦
ኧረ በማርያም፣ እኛ ነን ደግሞ ስላልቆረበ አላመነም የምንለው? እሁድ ጠዋት ሄደህ እይ እስቲ፣ የሚቆርቡት ሕፃናትና እናቶች ናቸው፣ ያ ሁሉ ነጠላ ያጣፋ ጎልማሳ ቆሞ አስቀድሶ ጠበሉን ጠጥቶ ወደ ቤቱ ነው፣ ለምን አትቆርብም ብትለው "አልበቃሁም" ነው መልሱ። ይሄ ሁሉ ዴኢስት ነው? አልተንበረከከም ያልከው ደግሞ ጭራሽ አሳቀኝ፣ መቋሚያ ተደግፎ ስንት ሰዓት የሚቆም ሕዝብ ፊት ነው ይሄን የምታወራው። ሰውየው ከ1762 ጀምሮ በኛ አነጋገር የሰበካ ጉባኤ አባል ነበር፣ ፖሂክ ቤተክርስቲያን ሲሰራ ኮሚቴ ውስጥ ገብቶ ለፍቷል፣ አሌክሳንድሪያ ከኪንግ ስትሪት ዞር ስትል ያለችው ክራይስት ቸርችም የራሱ መቀመጫ ነበረው። ቤቱ ያደገችው የማርታ የልጅ ልጅ ኔሊ ከስንት አመት በኋላ በ1833 ተጠይቃ፣ ክርስትናውን መጠራጠር ለኔ ትልቅ ኑፋቄ ነው ብላ ነው የመለሰችው። አብራው የኖረችውን ትተን ማንን እንመን?

የፖቶማኩ፦
የኔን ነጥብ አጣመምከው ወንድሜ። የኛ ሰው አልበቃሁም ብሎ ይቀራል፣ ግን "እትዉ በሰላም" ሳይባል አይወጣም፣ ከወጣም አዛውንቶቹ በአይናቸው ይጨርሱታል። ደሞ ያቺው ኔሊ ራሷ ናት ቁርባን ያለ ቀን አብራው ወጥታ ሰረገላው አያቷን ሊያመጣ ይመለስ እንደነበር የጻፈችው፣ የምትፈልገውን መስመር ብቻ አትምረጥ። ቀጥል፣ ያን ሁሉ መዓት ደብዳቤ የጻፈ ሰው የፈጣሪን ጥበቃ ስንቴ ይጠራል፣ በ1755 ጦርነት አራት ጥይት ኮቱን በስቶ ሁለት ፈረስ ተገድሎበት ሲተርፍም ለወንድሙ የጻፈለት ይሄንኑ ነው፣ የኢየሱስን ስም ግን በመብራት ነው የምትፈልገው፣ በ1779 ለዴላዌር ጎሳ አለቆች በተሰጠ መልስ ላይ አለ፣ እሱንም ጸሐፊው ሊያዘጋጀው ይችላል። ከሁሉ እኔን የሚገርመኝ አሟሟቱ ነው። ዲሴምበር 14 ቀን 1799 ጉሮሮው ተዘግቶ ሲያጣጥር ሶስት ሐኪም ተጠርቶ ደሙን ቀዱት፣ ቄስ ግን አልተጠራም። ንስሐ አባቱ ሳይጠሩ የሞተ ሰው እኛ ሰፈር ቢኖር እስከ አርባው ድረስ ይወራ ነበር።

ቤቲ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
በአንድ ቀን ታሞ ሞቶ ቄስ አልጠራም ብሎ መፍረድ ይከብዳል። ኑዛዜውም "በእግዚአብሔር ስም አሜን" ብሎ ነው የሚጀምረው።

የፖቶማኩ፦
የዛ ዘመን ኑዛዜ ሁሉ እንደዛ ነበር የሚጀምረው ቤቲዬ።

አቡ ሀናን፦
ሰላም ለሁላችሁ። እኔ የሰውየው ልብ ውስጥ አልገባም፣ ግን ሃይማኖቱ ሌላ ሃይማኖት ባለው ሰው ላይ ምን እንዳደረገ ይታያል። በ1784 ለማውንት ቨርነን ቤቱ አናጺና ግንበኛ ፈልጎ ሲጽፍ፣ ጥሩ ሰራተኛ እስከሆኑ ድረስ ከእስያ ከአፍሪካ ከአውሮፓ ይምጡ፣ ሙስሊም ይሁኑ አይሁድ ይሁኑ እምነት የለሽም ቢሆኑ ግድ የለኝም ነው ያለው። በ1790 ደግሞ ለኒውፖርት አይሁዶች፣ ይሄ መንግስት ለአሳዳጅ እርዳታ አይሰጥም ብሎ ጽፎ ከሚክያስ ጠቀሰላቸው፣ "እያንዳንዱ ከወይኑና ከበለሱ በታች ይቀመጣል፥ የሚያስፈራውም የለም።" በዛ ዘመን ይሄን የጻፈ መሪ ለኔ ሃይማኖቱ ምንም ይሁን ምን ይበቃኛል።

ሰናይት፦
አቡ ሀናን ያ ደብዳቤ ላይ "ግዛልኝ" ነው ያለው እኮ! በውል የሚሸጡ ስደተኛ ሰራተኞች ነበሩ። ሲሞት ደግሞ ማውንት ቨርነን ላይ 317 ባሪያ ነበር፣ ነጻ እንዲወጡ የተናዘዘው የራሱ የሆኑትን 123ቱን ነው፣ እሱም ማርታ ከሞተች በኋላ ብሎ። እናንተ ቆረበ አልቆረበ ትላላችሁ።

ታሪክ ወዳድ፦
ሰናይት ልክ ነሽ፣ ግን እሱ ክፉ ሰራ ወይ ነው፣ የኛ ጥያቄ አመነ ወይ ነው፣ ባሪያ የነበራቸው ቄሶችም ነበሩ። ለፖቶማኩ አንድ የማይመልሳት ልጨምርለት። ሶስተኛው ፕሬዚዳንት ጄፈርሰን ክርስትና አባት ሁንልኝ ሲባል እምቢ ይል ነበር፣ ስላሴን ሳላምን አምናለሁ ብዬ አልምልም ብሎ። ዋሽንግተን ግን ከአንድም ሁለት ሶስቴ ክርስትና አባት ሆኗል። እንደምትለው የማያምን ከሆነ በሰው ልጅ ፊት ዋሽቷል ማለት ነው፣ ያንን ትላለህ?

የፖቶማኩ፦
አልልም። ዘመድ ሲለምንህ እምቢ ማለት ይከብዳል ነው የምለው። እኔ ሶስት የክርስትና ልጅ አለኝ፣ ጸሎተ ሃይማኖት ግን መሃል ላይ ይጠፋብኛል።

ቤቲ ከሲልቨር ስፕሪንግ፦
😂😂 ታዲያ አንተ ዴኢስት ነህ?

የፖቶማኩ፦
ስራ ሰዓት ነው ቤቲዬ፣ ማታ እንቀጥላለን።