የፓቱላ ፓይን ሙጫ፦ የትኞቹን ጂኖችና ኢንዛይሞች ልከታተል?

ከዚራ (ጠያቂ)፦
ጤና ይስጥልኝ። በድሬዳዋ የባዮሎጂ መምህር ነኝ፤ ለሁለተኛ ዲግሪ ማሟያዬም የፓቱላ ፓይን ግንድ ሲቆስል ሙጫ የሚያመርቱ ጂኖች እንዴት እንደሚነቁ አጠናለሁ። ዛፎቹ የሚገኙት ከሐረር በላይ ባለው ደጋ ነው። ቅርፊቱን አቁስዬ በማግስቱ የወረደውን ሙጫ ለመመዘንና ከዚያው ቦታ አርኤንኤ (የነቃ ጂን መልእክት የሚይዝ ሞለኪውል) ለማውጣት አስቤ ነበር። ለሙከራ ያወጣሁት አርኤንኤ ግን ቡናማ ሆኖ ተበላሸብኝ። የትኞቹን ጂኖች ልምረጥ? አርኤንኤውንስ እንዴት ላውጣ?

ጀጎል፦
መምህር፣ አስቀድሞ መለኪያዎ ቢስተካከል መልካም ነው። ፓይን ሙጫውን ቀድሞ አምርቶ በግንዱ ቦዮች ውስጥ በግፊት ስለሚያከማች፣ በማግስቱ የሚወርደው በአብዛኛው የቆየ ክምችት እንጂ ቁስሉ የቀሰቀሳቸው ጂኖች ውጤት አይደለም። አዲስ ምርትና አዳዲስ ቦዮች የሚታዩት ከቀናትና ከሳምንታት በኋላ ስለሆነ፣ ናሙናው ከጥቂት ሰዓታት አንስቶ እስከ ሳምንታት ድረስ በየጊዜው ቢወሰድ ይሻላል።

«የሙጫ ጂን» የሚባል አንድ ጂን የለም፤ ስለዚህ ከየደረጃው ይምረጡ። ቦዮቹን በሚያዋስኑ ሴሎች ፕላስቲድ (በዕፅዋት ሴል ውስጥ ያለ ክፍል) ውስጥ አምስት ካርቦን ያላቸው መነሻ ሞለኪውሎች ይሠራሉ፤ የዚህ መንገድ የመጀመሪያ ኢንዛይም ዲኤክስኤስ ነው። በፓይን ከአንድ በላይ ዓይነት ዲኤክስኤስ ስላለና ለቁስል ምላሽ የሚሰጠው ሁለተኛው ዓይነት ስለሆነ፣ ፕራይመርዎ (የሚለካውን ጂን የሚለየው አጭር የዲኤንኤ ቁራጭ) ይህንን መለየቱን ያረጋግጡ። ከዚያ ሌሎች ኢንዛይሞች መነሻዎቹን እያገጣጠሙ ባለ 10 ወይም ባለ 20 ካርቦን ሰንሰለት ያደርጓቸዋል። ቴርፒን ሲንቴዝ የተባሉት ኢንዛይሞች ባለ 10ሩን ወደ አልፋና ቤታ ፓይኒን ይለውጣሉ፤ የተርፐንታይን (ከሙጫ ተነጥሮ የሚወጣው ፈሳሽ) ዋና ክፍል ይህ ነው። ባለ 20ውን ደግሞ ወደ አቢየታዲን ቤተሰብ ከለወጡት በኋላ፣ ሲዋይፒ720ቢ የተባለው የሳይቶክሮም ፒ450 ወገን ኢንዛይም ኦክሲጅን እያስገባ እንደ አቢየቲክ አሲድ ያሉትን የሙጫ አሲዶች ይሠራል። ሙጫው ሲነጠር ከታች የሚቀረው ጠጣር፣ የኤሌክትሮኒክስ ጠጋኞች ለብየዳ የሚጠቀሙበት፣ በዋናነት ከእነዚህ አሲዶች የተሠራ ነው። አንድ ሲንቴዝ ብዙ ጊዜ ከአንድ በላይ ውጤት ስለሚሰጥ፣ የጂኑ ንቃት መጠን ብቻውን የሙጫውን ይዘት አይነግርም፤ ከተቻለ ሙጫውም በጋዝ ክሮማቶግራፊ (ውህዶችን ለያይቶ በሚለካ ዘዴ) ይመርመር።

ሳቢያን፦
ቡናማነቱ ከፖሊፌኖሎች (አየር ሲያገኛቸው ከሚጠቁሩ የዕፅዋት ውህዶች) የመጣ ነው። ተራ ኪት (ተዘጋጅቶ የሚሸጥ የማውጫ ስብስብ) ለፓይን ብዙ ጊዜ አይበቃም፤ ሲታብ (ሴሉን የሚከፍት ሳሙና መሰል ውህድ)፣ ፒቪፒ (ፖሊፌኖሎችን የሚይዝ) እና መርካፕቶኢታኖል (መጥቆርን የሚከላከል) ባለው ማሟሚያ አውጥተው አርኤንኤውን በሊቲየም ክሎራይድ ቢያዘቅጡት ይጠራል። ናሙናው ወደ ድሬዳዋ ሙቀት ሳይወርድ እዚያው ዛፉ ሥር በፈሳሽ ናይትሮጅን መቀዝቀዝ አለበት። ናይትሮጅኑን የከብት ሰው ሠራሽ ማዳቀል ባለሙያዎች ስለሚጠቀሙበት እነርሱን ይጠይቁ።

ከዚራ (ጠያቂ)፦
እጅግ አመሰግናለሁ። ዛፎቹን ከማቁሰል ይልቅ ሜቲል ጃስሞኔት (የዕፅዋት ሆርሞን መሰል ውህድ) ብቀባስ?

ጀጎል፦
ይቻላል። ሜቲል ጃስሞኔት የቁስል ምልክት ስለሚያስተላልፍ አዳዲስ ቦዮች እንዲሠሩ ያነሳሳል፣ መጠኑንም ለመቆጣጠር ይመቻል።

የደን ባለሙያ፦
እኔ ግን ቁስሉንም እንዳይተዉ እመክራለሁ፤ ሙጫ የሚሰበስቡ ሰዎች የሚያደርጉት እርሱን ነውና። ማወዳደሪያ የሚሆነው ያልቆሰለ ናሙና ከሌላ ዛፍ ይወሰድ፤ ምልክቱ በግንዱ ስለሚዛመት ከቆሰለው ዛፍ ሌላ ጎን የተወሰደ ናሙና ያሳስታል። ደጋ መውጣት ቢከብድዎም በግቢ ባለው የሐበሻ ጥድ አይተኩት፤ የእርሱ እንጨት እንደ ፓይን የሙጫ ቦዮች የሉትም።