ታጣፊ ስልክ ለጎጃም አቧራ ይሆናል? ጥቆማ ስጡኝ

ጤፍ በጅምላ (ቡሬ)
ሰላም ለእናንተ ይሁን። ስልክ ልቀይር ነው። ሥራዬ የእህል ንግድ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከሚዛንና ከመጋዘን አልወጣም። ሂሳቡን በኤክሴል እይዛለሁ፣ የቴሌብርና የባንክ ደረሰኝ አገላብጣለሁ። በትንሽ ስክሪን ዓይኔ አለቀ። ዱባይ ያለው ወንድሜ «ሳምሰንግ ዜድ ፎልድ 6 አግኝቻለሁ፣ ያገለገለ ነው ግን ንጹህ ነው፣ ልላክልህ?» አለኝ። ሲከፈት 7.6 ኢንች ነው፣ ታብሌት በሉት። በዚያው ብር የማይታጠፍ ፓክድ ስልክ ይመጣልኛል። ጥያቄዬ አንድ ነው። ይኼ ነገር እኛ ጋ ይበረክታል ወይ? ይዞ ያየ ሰው ይንገረኝ።

የማርቆስ ልጅ
ይበረክታል ወንድሜ። የድሮውን ወሬ አትስማ። ስሙ የጠፋው በፈረንጅ 2019 ነው። የመጀመሪያው ፎልድ ለሽያጭ ሳይወጣ ለጋዜጠኞች ተሰጠ፣ በቀናት ውስጥ ስክሪኑ እየሞተ አስቸገረ፣ ሳምሰንግም ሽያጩን ከሚያዝያ ወደ መስከረም ገፋው። ከዚያ ወዲህ ብዙ ተለውጧል። በ2021 የወጣው ፎልድ 3 ውሃ መቋቋም ጀመረ፣ 200,000 ጊዜ ታጥፎ ተፈተነ። በቀን 100 ጊዜ ብትከፍትና ብትዘጋ ከ5 ዓመት በላይ ነው። የ2025ቱ ፎልድ 7 ስክሪን ደግሞ 500,000 ደርሷል። እኔ ፎልድ 5 ነው የያዝኩት፣ እስካሁን ምንም አላለኝም። መሀሉ ላይ ያለችው ሰርጓዳ መስመር ፀሐይ ላይ ትታያለች፣ ትለምዳታለህ።

ጮቄ ንፋስ
500,000ው የተቆጠረው በ25 ዲግሪ፣ ንጹህ ክፍል ውስጥ፣ በማሽን ነው። ማሽኑ ቡሬ መጋዘን ገብቶ እብቅ እየቃመ አልቆጠረም። እኔ ካለሁበት ደግሞ 25 ዲግሪ የሚባል ነገር በሬዲዮ ነው የምንሰማው።

ቴክኖ ለዘላለም
ምን ያደክማችኋል፣ ቴክኖ ግዛ። ፋንተም ቪ ፎልድ አለው፣ ባትሪው 5,000 ነው። የፎልድ 6 ባትሪ 4,400 ነው። አለቀ። ቴክኖ እዚሁ አገራችን የሚገጣጠም ስልክ ነው፣ ዕቃው እንደ ልብ ነው።

የማርቆስ ልጅ
እዚህ የሚገጣጠመው ታጣፊው ነው?

ቴክኖ ለዘላለም
ቴክኖ ቴክኖ ነው።

የማርቆስ ልጅ
የታጣፊውን የውስጥ ስክሪን የሚሸጥ ሱቅ አይተህ ታውቃለህ ወይ ነው ጥያቄው።

ቴክኖ ለዘላለም
አባቴ በቴክኖ ነው የሚደውለው፣ ከጄሪካን ጋር አብሮ ከአህያ ላይ ወድቆ ተነስቷል። እናንተ በሳምሰንግ ተኩራሩ።

እታለም (ሞጣ)
ኧረግ! እኔን ጠይቁኝ እንጂ። መምህር ነኝ። እህቴ ከሳውዲ ዜድ ፍሊፕ 5 ላከችልኝ፣ ከላይ ወደ ታች የምትታጠፈዋን ትንሿን ሳምሰንግ። መጀመሪያማ ደስ ይል ነበር፣ ስዘጋው ቀጭ ሲል ተማሪዎቹ ሳይቀሩ «ቲቸር አንዴ ዝጊው» ይሉኝ ነበር። ከጊዜ በኋላ ስክሪኑ ላይ ተለጥፎ የመጣው ስስ ላስቲክ መታጠፊያው ላይ አየር ያዘ፣ እየተላቀቀ መጣ። ለፋሲካ ስወጣ አንድ ጥገና ቤት ወሰድኩት። የሱቁን ስምም ከተማውንም አልናገርም፣ እንጀራው ነው። ልጁ አንዴ አየት አደረገና «ይቺማ ግላስ ናት፣ ልላጥና አዲስ እለጥፍልሻለሁ» አለ። በጥፍሩ ከጥጉ ይዞ ጎተታት። ጭርርር የሚል ድምፅ ጆሮዬ ላይ ቀርቷል። ከዚያ እንደማንኛውም ስልክ ወፍራም ግላስ ከላይ እስከ ታች ለጠፈበት። ስዘጋው አልዘጋም አለ። «አዲስ ስለሆነ ነው፣ ይለምዳል» ብሎ በመዳፉ ጫን አደረገው!

ማታ ስከፍተው መታጠፊያው ላይ የምስር ፍሬ የምታህል ጥቁር ነጥብ ወጥታለች። በማግስቱ የላይኛው ግማሽ ጠቆረ፣ ቀጥሎ አረንጓዴ መስመር ከታች መጣ። ተመልሼ ሳሳየው «ሲመጣም ደህና አልነበረም» አለኝ። የግላሱን ብር እንኳ አልመለሰም። አሁን የውጩዋ ትንሽ ስክሪን ብቻ ትሠራለች፣ ሰዓት አይባታለሁ። ይህን ያህል ነው መበርከቱ።

ባህር ዳር ዘንባባ
እታለም አይዞሽ። የሱቁን ስም ግን ተናገሪ፣ ሌላ ሰው እንዳይበላ።

ጮቄ ንፋስ
«ይለምዳል»! ስልኩ ነው ግላሱ የሚለምደው?

ብቸና ዘመድ
እኔም ተመሳሳይ ደርሶብኛል፣ በሌላ ስልክ ነው እንጂ። ታጣፊ አይደለም። ቻርጅ መሰኪያውን ሊያጸዳ ገብቶ ድምፁን አጠፋብኝ። እነዚህ ልጆች መማር አለባቸው።

ባህር ዳር ዘንባባ
እኔ የማሠራበት ልጅ ጋ ብትወስጂው ኖሮ እንዲህ አይሆንም ነበር። ባህር ዳር ነው ያለው። እጁ ወርቅ ነው፣ ሦስት ስልክ አሠርቼበታለሁ፣ አንዱም አልተመለሰ።

እታለም (ሞጣ)
ታጣፊ ሠርቶ ያውቃል?

ባህር ዳር ዘንባባ
እሱን አልጠየቅኩትም። ግን እሱ የማይሠራው ነገር የለም።

ሞባይል ሰሪው (ፍኖተ ሰላም)
ሙያውን ሁላችሁም ታውቁታላችሁና እኔ ልሂድ መሰለኝ። ወርቅ እጅ ስክሪን አይወልድም። ታጣፊ ስልክ ሲመጣልኝ የውስጡን አልነካም፣ መልሼ ነው የምሰጠው። ደንበኛ «አልቻለም» ይበለኝ፣ ከዕዳ ይሻላል።

ጤፍ በጅምላ (ቡሬ)
ወንድምዓለም አትሂድ፣ የምፈልገው እንዳንተ ያለ ሰው ነው። ምክንያቱን ንገረኝ።

ሞባይል ሰሪው (ፍኖተ ሰላም)
እሺ፣ ሻይ ይዤ ልጻፍ።

መጀመሪያ የእህታችን ነገር። ሳምሰንግ የውስጡን ስክሪን ከስስ መስታወት ነው የሚሠራው። የመጀመሪያው ፍሊፕ ላይ ውፍረቱ 0.03 ሚሊ ሜትር ነበር፣ ከሰው ፀጉር ያነሰ። የሚታጠፈው ስለሚስስ ነው። ከሱ በላይ የላስቲክ ሽፋን አለ፣ ጥፍር የሚጭረው። ያ ከፋብሪካ የመጣው ላስቲክ አይላጥም። በ2019 የጋዜጠኞቹ ስልክ የሞተውም አንዳንዶቹ ተራ መከላከያ መስሏቸው ስለላጡት ነው። አየር ከያዘ የሚቀይረው የኩባንያው አገልግሎት ማዕከል ነው፣ በራሱ መሣሪያ። በላዩ ወፍራም ግላስ ከተለጠፈበት ደግሞ ሲዘጋ ሁለቱ ወገን የሚገናኝበት ቦታ አይኖርም። ጫን ስትለው የሚሰበረው ስሱ ነው። እና ስልኩ አይደለም የከዳት።

ሁለተኛው አቧራ ነው፣ የአንተ ዋና ጉዳይ። ፎልድ 6 ላይ አይፒ48 የሚል ቁጥር ታያለህ። 8ቱ የውሃ ነው፣ 1.5 ሜትር ንጹህ ውሃ ውስጥ 30 ደቂቃ። ዝናብ አያሳስብህ። 4ቱ የጠጣር ነገር ነው፤ ከ1 ሚሊ ሜትር የሚበልጥ አይገባም ማለት ብቻ ነው። አንተ ነጋዴው ንገረን፣ የጤፍ ፍሬ ወርዷ ስንት ነው? 1 ሚሊ ብትሞላ ነው። ፍሬዋ ካለፈች እብቁማ በር አንኳኩቶ አይገባም። ከፎልድ 3 እስከ 5 ያሉት ላይ በ4 ፋንታ «ኤክስ» ነው የተጻፈው፣ ለአቧራ ደረጃ አልተሰጠውም ማለት ነው። ማጠፊያው ውስጥ አቧራ የሚጠርግ የናይለን ብሩሽ ከ2020ው ፍሊፕ ጀምሮ አለ። ብሩሹ ያግዛል፣ ግን የቢሮ አቧራና የመጋዘን አቧራ አንድ አይደለም።

የማርቆስ ልጅ
አቧራ የማይገባውም አለ እኮ። ጉግል በ2025 ያወጣው ፒክስል 10 ፕሮ ፎልድ አይፒ68 ነው። 6 ማለት አቧራ ጭራሽ አይገባም ነው።

ሞባይል ሰሪው (ፍኖተ ሰላም)
ልክ ነህ። ስክሪኑ ቢሰበር ማን ጋ ትወስደዋለህ?

የማርቆስ ልጅ
እሱ ላይ ያዝከኝ።

ዳንግላ ቡና
ይቅርታ፣ ባትሪ ስለተነሳ ነው። መብራት ሲጠፋ ለሁለት ቀን የሚያቆይ ፓወር ባንክ የቱ ነው? 10,000 የሚል ገዝቼ 4,400 ባትሪ ያለውን ስልክ ሁለቴ እንኳ አይሞላም። ተጭበርብሬ ነው?

ሞባይል ሰሪው (ፍኖተ ሰላም)
አልተጭበረበርክም። 10,000ው የውስጥ ባትሪው መጠን ነው። ወደ ስልክህ ሲሄድ ቮልቱ ከፍ ይላል፣ በመሀል በሙቀት የሚባክንም አለ። ስልክህ ጋ የሚደርሰው 6,000 ገደማ ነው። አንዴ ከግማሽ ሞላልህ ማለት ደህና ፓወር ባንክ ነው። ለሁለት ቀን 20,000 ያስፈልግሃል።

ዳንግላ ቡና
ተባረክ። በሶላር የሚሞላውስ እንዴት ነው?

ጮቄ ንፋስ
የነጋዴው ስልክ ሶላር ላይ ደረሰ። ነገ ውሃ ፓምፕ እንጠይቃለን።

ጤፍ በጅምላ (ቡሬ)
ሞባይል ሰሪው፣ እግዜር ይስጥልኝ። ግን እኔ ስልኩን መሬት አልጥልም፣ ሸሚዝ ኪሴ ውስጥ ነው የሚውለው። ሚዛን ላይ ስሆን የምደውለው በውጩ ስክሪን ነው። የውስጡን የምከፍተው ማታ ቤት ስገባ ነው። እንዲያ ከሆነስ?

ሞባይል ሰሪው (ፍኖተ ሰላም)
እንዲያማ ከሆነ ነገሩ ይለያል። አቧራ የሚጎዳው ስትከፍትና ስትዘጋ ነው፤ መሀል ላይ የተኛ ፍሬ ስትዘጋው ስሱን ይወጋዋል። መጋዘን ውስጥ ካልከፈትከው፣ ቤት ስትገባም ዳር ዳሩን በለስላሳ ጨርቅ ጠርገህ ከከፈትከው ዕድሜ አለው። ኪስህ ውስጥ ሳንቲምና ቁልፍ አታድርግ።

ያገለገለ ስለሆነ ወንድምህ እዚያው ሱቁ ውስጥ ቆሞ ይፈትሸው፣ እዚህ ከመጣ በኋላ ዋጋ የለውም። ሙሉ በሙሉ ይከፈታል ወይ? ጥቂት ሳይደርስ የሚቀር ከሆነ ማጠፊያው ውስጥ አንድ ነገር አለ። ግማሽ ላይ ይቆማል ወይስ ይወድቃል? ጆሮው ጋ አድርጎ ቀስ ብሎ ይክፈተው፣ ኮርሸሸ የሚል ከሆነ አይግዛ። ነጭ ምስል ከፍቶ መታጠፊያው ላይ ነጥብ ወይም መስመር ይፈልግ፣ ከዚያ በጥቁር ይድገመው። ጣቱን ስክሪኑ ላይ ከጫፍ ጫፍ ይጎትት፣ መታጠፊያው ላይ የማይሰማ ቦታ ካለ ሊሞት ነው። ላስቲኩ ከጠርዝ ተላቋል? የፋብሪካው ነው ወይስ ተቀይሯል? ኮከብ መሰላል 06 መሰላል መትቶ የሚወጣውን ቁጥር ከሳጥኑ ጋር ያመሳክር።

የውስጡ ስክሪን አብዛኛውን ጊዜ ከነማጠፊያውና ከነፍሬሙ ነው የሚቀየረው። ዋጋው የሌላ ደህና ስልክ ዋጋ ነው። ይህን ከአሁኑ በሂሳብህ ያዝ። እኔ ጋ የለም። ያለበት ቦታ እስኪደርስ ደግሞ ዓባይን ትሻገራለህ፣ መንገዱ ክፍት ከሆነ።

ብቸና ዘመድ
የማይታጠፈውን የሳምሰንግ አልትራ ግዛና ተገላገል። ያ እኮ አይፒ68 ነው። ፎልድ ደግሞ ኪስ ይጎትታል፣ ድንጋይ ነው።

የማርቆስ ልጅ
ድንጋይ አይደለም። ፎልድ 6 239 ግራም ነው፣ ኤስ24 አልትራ 232። ልዩነቱ 7 ግራም ነው። ፎልድ 7 እንዲያውም 215 ነው፣ ከአልትራው ይቀላል። ዋጋው ግን ሲወጣ 1,999 ዶላር ነበር፣ ብሩ በእኛ አቆጣጠር ከ2016 ሐምሌ ወዲህ የት እንደደረሰ ታውቁታላችሁ።

ባህር ዳር ዘንባባ
ተራ ስልክ ያዝ፣ በተረፈህ ታብሌት ግዛና ቤት አስቀምጥ። ማታ ብቻ ከሆነ የምትከፍተው ምን ኪስህ ውስጥ ይዞርልሃል? ታብሌቱ ቢሰበር እንኳ ስልክህ አለ።

ጤፍ በጅምላ (ቡሬ)
እሱም ያስኬዳል። ሁለት ዕቃ ቻርጅ ማድረግ ነው የጠላሁት። ወንድሜ እስከ ሐሙስ መልስ ይፈልጋል፣ ሻጩ አይጠብቅም ይላል።

ጮቄ ንፋስ
ሻጩ የማይጠብቀው ላስቲኩ ሳይነሳ ሊሸጥ ብሎ ነው። (ቀልድ ነው። ግን የሰሪውን ፍተሻ አንድም አታስቀር፣ በቪዲዮ ደውሎ ያሳይህ።)

ቴክኖ ለዘላለም
ቴክኖ ብያለሁ።

የማርቆስ ልጅ
ጤፍ በጅምላ፣ ሐሙስ አለፈ እኮ። ምን ወሰንክ?

ብቸና ዘመድ
መጋዘን ውስጥ ከፍቶት ይሆናል።

ዳንግላ ቡና
20,000ውን ማርቆስ የሚሸጥ የምታውቁ አላችሁ? ዳንግላ ያለው ሱቅ የማላምነው ነው።

ሞባይል ሰሪው (ፍኖተ ሰላም)
እታለም፣ የእርስዎን ፍሊፕ ለዕቃ እወስደዋለሁ። ማጠፊያውና የጀርባ ካሜራው ደህና ነው?

እታለም (ሞጣ)
ማጠፊያው ደህና ነው፣ ግማሽ ላይም ይቆማል። ካሜራውም ያነሳል። ስንት ትላለህ?

ሞባይል ሰሪው (ፍኖተ ሰላም)
ሳላይ ዋጋ አልናገርም። ከፍተውም ዘግተውም ፎቶ ይላኩልኝ፣ በውስጥ መስመር እንነጋገራለን። ያን ግላስ ግን አይላጡት።